በዳጉ ሚዛን፤ ስለ አፋር ምድር የተጻፉ ሁለት የጉዞ መጻሕፍት ሲመረመሩ

ጥቂት ሰዎች ሆነው ከብትና ግመል እያረባ ወደሚዘዋወር ሕዝብ አገር የሚገቡ መንገደኞች የሚጽፉት መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው በደራሲው ጀግንነት ነው። ማንም ያልደረሰበት ደረሰ፤ ሌሎች ካለቁበት እርሱ ተረፈ ይባላል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ይኸውም እነዚያ ጥቂት መንገደኞች በሕይወት ሊወጡ የቻሉት በማን ፈቃድና በማን ዕውቀት ነው? መጽሐፋቸውስ ይህን በግልጥ ይናገራልን? የሚል ነው።

ለምርመራው የተመረጡት ሁለት መጻሕፍት ናቸው። አንደኛው የማዕድን መሐንዲስ የነበረው ኤል. ኤም. ኔዝቢት ስለ 1928 ጉዞው ጽፎ በ1934 «በረሓና ደን» በሚል ስም ያሳተመው ነው። ሁለተኛው ዊልፍረድ ቴሲጀር በ1933 እና በ1934 ከአዋሽ ወንዝ ጋር ሲወርድ በየማታው የጻፈው፣ «የደናክል የዕለት ማስታወሻ» ተብሎ ከስድሳ ዓመት በላይ ቈይቶ በ1996 የታተመው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። ደግሞም «ደናክል» የውጭ ሰዎች ያወጡት ስም ነው፤ የደጋው ሰው ደግሞ «አዳል» ሲል ኖሯል። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው አፋር ብሎ ስለ ሆነ፣ እኛም ከመጻሕፍቱ ርእስ በቀር በዚሁ ስም እንጠራዋለን።

የይፋግ ሰው ስለ አፋር መጽሐፍ ምን አገባው የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው፤ ያገባው ጨው ነው። ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ወደ ጎንደር በሚያልፈው የነጋዴ መንገድ ላይ የቈመች የገበያ ከተማ ናት። በዚያ ገበያ ይዞር ከነበረው ገንዘብ አንዱ አሞሌ ነበር። አሞሌው የሚቈረጠው ከባሕር ወለል በታች በሆነው በአፋር የጨው ሜዳ ነው። ከዚያ በግመል ተጭኖ ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣ ነበር፤ ከትግራይም በበቅሎና በአህያ ወደ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣም ወደ በጌምድር ይዘልቅ ነበር። ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው ይወደድ ነበርና፣ አንድ የማርያ ቴሬዛ ብር በሰሜን ብዙ አሞሌ ሲያስገኝ ወደ ጎንደርና ወደ ጎጃም ሲዘለቅ የሚያስገኘው ጥቂት ነበር። በዋጋው ላይ የሚጨመረው እያንዳንዱ ልዩነት የመንገድ ድካም፣ የቀረጥና የጭነት ከብት ሞት ዋጋ ነው።

እንግዲህ ያገራችን ገበያ የዚያ ረዥም መንገድ አንዱ ጫፍ ነበረ። የጫፉ ሰው ጨዉን ያውቃል፤ ከነጋዴው ጋርም ይከራከራል፤ ጨዉ የወጣበትን ሕዝብ ግን በወሬ ብቻ ያውቃል። ወሬውም ሙቀትና ጦር ነው። ከአውሮፓ የመጡት መንገደኞች የጻፉት መጽሐፍ ከዚህ ወሬ የተሻለ ነገር ይሰጠናል ብለን ብንከፍተው የምናገኘው ምንድን ነው? አብዛኛው ያው ሙቀትና ጦር ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ፣ ደራሲዎቹ ብዙም ዋጋ ያልሰጡት ሌላ መጽሐፍ ተደብቆ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን የተደበቀ መጽሐፍ ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ሚዛናችንን እንግለጥ። የአንድን ሕዝብ ነገር ለመመዘን ሚዛኑን ከዚያው ሕዝብ መዋስ ይገባል። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት መንገደኞች በበረሓ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ዝናብ የጣለው የት ነው? ሣሩ እንዴት ነው? የትኛው የውሃ ጕድጓድ ደርቋል? የታመመ ከብት አለ ወይ? ማን ሞተ? ማን ተጋባ? እንግዳ ሰው አልፏል ወይ? ይህ ሲያበቃ ተራው ይለወጣል፤ የጠየቀው ይመልሳል፤ የመለሰውም ይጠይቃል። በዐይን የታየው ከተሰማው ተለይቶ ይነገራል። ሐሰት የነገረ ሰው ያፍራል፤ በሕጋቸውም ይጠየቃል፤ ምክንያቱም በሐሰት ወሬ የተነሣ አንድ ቤተ ሰብ ከነመንጋው ወደ ደረቀ ጕድጓድ ሊሄድ ይችላልና ነው። ዳጉ ጨዋታ አይደለም፤ የሕይወት መንገድ ነው።

ከዚህ ልማድ ሦስት ደንቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ወሬ የሚነገረው በሁለት ወገን ነው። ሁለተኛ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ሣር፣ ስለ ከብትና ስለ ሰው ጤና የሚነገረው ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ሦስተኛ፣ ያዩትን ከሰሙት መለየት ግዴታ ነው። ሁለቱን መጻሕፍት በእነዚህ ሦስት ደንቦች እንመርምራቸው።

ከኔዝቢት እንጀምር። ኔዝቢት፣ ፓስቶሪና ሮዚና የተባሉት ሦስት አውሮፓውያን ከጥቂት ኢትዮጵያውያን አገልጋዮች፣ ከግመሎችና ከበቅሎዎች ጋር በ1928 ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ተነሥተው ወደ ሰሜን አቀኑ። ከሦስት ወር በላይ ከተጓዙ በኋላ ምድሪቱን ከደቡብ እስከ ሰሜን ሰንጥቀው ወደ ኤርትራ ወጡ። ከአገልጋዮቹ መካከል በመንገድ የተገደሉ ነበሩ። ኔዝቢት ሙቀቱን ለካ፤ የእሳተ ገሞራውንና የጨው ሜዳውን ስፍራ በካርታ ላይ አኖረ፤ በዚህም ለጂኦግራፊ ትምህርት ያበረከተው ነገር የሚካድ አይደለም። ይህንኑ መጽሐፍ ግን በአሜሪካ ያሳተሙት ሰዎች በ1935 ስሙን ለውጠው ምድሪቱን የፍጥረት ሁሉ ገሃነም የሚያደርግ ርእስ ሰጡት። ርእሱ መጽሐፉን ሳይሸጠው አልቀረም። ነገር ግን ሕፃናት የሚወለዱበትን፣ ግመል የሚታለብበትን፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሕግ የሚፈርዱበትን አገር ገሃነም ብሎ መጥራት ዕውቀት አይደለም። ሰው በገሃነም ውስጥ ጎጆ አይቀልስም።

የቴሲጀር ነገር ከዚህ ይለያል። ቴሲጀር በ1910 አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ተወለደ። በ1930 በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተገኘ፤ ከበዓሉም በኋላ ለአደን ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር ወረደ። ያን ጊዜ የሰማው አንድ ጥያቄ ከልቡ አልወጣም። አዋሽ ወንዝ ከደጋ ይወርዳል፤ ወደ ባሕር ግን አይደርስም፤ ታዲያ ውሃው ወዴት ይገባል? የሚል ነበር። በ1933 መጨረሻ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ሳለ ቅፍለቱን አዘጋጅቶ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሣ። መንግሥቱ ለደኅንነቱ ሰግቶ መልሶ ጠራው፤ በ1934 መጀመሪያ ግን ፈቃድ አግኝቶ እንደገና ጀመረ። በባህዱ በኩል ወደ አውሳ ገባ፤ ሡልጣን መሐመድ ያዮም አነጋግረው አሳለፉት። ወንዙ በአቤ ሐይቅ እንደሚያልቅ አይቶ፣ ግመሎቹ በመንገድ እየሞቱበት፣ ግንቦት 20 ቀን 1934 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታጁራ ከባሕር ዳርቻ ደረሰ።

አሁን ወደ አንደኛው ደንብ እንምጣ፤ ወሬ በሁለት ወገን ይነገራል ብለናል። ሁለቱም ደራሲዎች አፋርኛ አያውቁም ነበር። የሰሙት ሁሉ በአስተርጓሚ ጆሮ ያለፈ ነው። ይህ ብቻውን ነቀፋ አይሆንም፤ ነቀፋ የሚሆነው አስተርጓሚው ከመጽሐፉ ሲጠፋ ነው። በዚህ ረገድ ቴሲጀር ከኔዝቢት ይሻላል። የቅፍለቱ አለቃ የነበረውን ሶማሌውን ኡመርን በስሙ ይጠራዋል፤ ብልሃቱንና ትዕግሥቱን ያመሰግናል። ከባህዱ አለቆች አንዱ አብሮት መሄዱ ለመንገዱ ምን ያህል እንደጠቀመው ከመጽሐፉ ይታያል። እንዲህ ያለውን ክፍል ያነበበ ሰው፣ ወጣቱ እንግሊዛዊ በሰዎች ቃል ታዝሎ እንደ ተሻገረ ያስተውላል።

በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሁሉ የሊቪንግስተንን ታሪክ አንብበናል። በ1873 በሞተ ጊዜ አስከሬኑን ተሸክመው እስከ ባሕር ዳርቻ ያደረሱት ሱሲና ቹማ ስማቸው የሚነሣው ወደ መጨረሻው ገጽ ነው። በሕይወት ሳለ ማን መንገድ አሳየው? ማን አበላው? ከማን ጋር ተማክሮ ወንዙን ተሻገረ? ተማሪው ይህን ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ምክንያቱም መጽሐፉ ራሱ አልጠየቀውም። ቴሲጀር ኡመርን ገና ከመጀመሪያው ገጾች ጀምሮ በስሙ ማኖሩ ስለዚህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ቴሲጀር «አገኘሁ» የሚለው ነገር ሁሉ በአገሩ ሰው ዘንድ የታወቀ ነበር። የአዋሽ ውሃ ወዴት እንደሚገባ ከዳር ዳሩ ከብቱን ሲያጠጣ ለኖረ አፋር ምስጢር አልነበረም። ምስጢር የነበረው በለንደን ነው። አንድ ነገር ከአንድ ሰው ዕውቀት ወደ ሌላ ሰው ወረቀት ሲሻገር «ተገኘ» ይባላል፤ የሰጠው ሰው ግን በደረሰኙ ላይ አይጻፍም። ለራስ ሲቈርሱ አያሳንሱ የሚለው ተረታችን በዚህ ስፍራ ይሠራል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ። ሁለቱም መጻሕፍት፣ ከእነርሱም በኋላ የተጻፉት ብዙዎች፣ ከእነርሱ በፊት በአፋር ምድር የሞቱትን አውሮፓውያን በተራ ይቈጥራሉ፤ ሙንዚንገር በ1875፣ ጁልየቲ በ1881፣ ቢያንኪ በ1884 እያሉ። ቍጥሩ የምድሪቱን አስፈሪነት ለማሳየት ነው። ግን ሙንዚንገር መንገደኛ ነበርን? ቬርነር ሙንዚንገር በዚያ ጊዜ የግብፁ የኬዲቭ እስማኤል ሹም ነበር፤ ወደ አውሳም የገባው የግብፅን ወታደሮች እየመራ ነው። በኅዳር 1875 የአውሳ አፋሮች በሌሊት ገጥመው እርሱንና አብዛኛውን ጭፍራውን አጠፉ። በዚያው ወር አፄ ዮሐንስ ሌላውን የግብፅ ጦር በጉንደት ድል አደረጉ። የጉንደትን ድል፣ ከእርሱም በኋላ በ1876 የሆነውን የጉራን ድል እኛ የደጋ ልጆች ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። በዚያው ጠላት ላይ በዚያው ወር በአውሳ የሆነው ድል ግን በጉዞ መጻሕፍት ውስጥ «የአንድ አሳሽ መገደል» ተብሎ ተጽፏል፤ በእኛም ትምህርት ውስጥ ተገቢ ስፍራውን አላገኘም። እንግዲህ የወሬው ሁለተኛ ወገን ሲጐድል የሚጠፋው የሰው ስም ብቻ አይደለም፤ የአገር ታሪክም ይጠፋል።

ከሙንዚንገር ነገር የጉዞን ጥበብ የሚመለከት ትምህርትም ይወጣል። በመቶ የሚቈጠር ጦር ይዞ የገባው አለቀ፤ በጣት ከሚቈጠሩ ጀምሮ እስከ ጥቂት አሥሮች ሆነው የገቡት አለፉ። ጥቂቶቹ ያለፉት ከጦሩ ይልቅ ጐበዞች ስለ ነበሩ አይደለም። ብዙ ሆኖ የሚገባ ሰው በጠመንጃው ይተማመናል፤ የባለአገሩን ፈቃድ አይለምንም፤ ጕድጓዱንም ያደርቅበታል። ጥቂት ሆኖ የሚገባ ግን ሳይወድ በግዱ እንግዳ መሆን አለበት። ውሃ ሲጠጣ ያስፈቅዳል፤ መሪ ይለምናል፤ ሽማግሌ ይልካል። የጥቂቶች ጉዞ ጥቅሙ ይህ ነው፤ መንገደኛውን ከባለአገሩ ሕግ በታች ያደርገዋል። ደራሲው ይህን ከተናገረ መጽሐፉ ስለ ሕዝቡ ይሆናል፤ ከሸሸገው ግን ስለ ራሱ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው ደንብ ስለ ውሃ፣ ስለ ሣር፣ ስለ ከብትና ስለ ሰው ነው። በዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ማምጣት ይጠቅማል። በ1253 የሩብሩኩ ዊልያም የተባለ ፍራንሲስካዊ መነኵሴ ከአንድ ወንድም መነኵሴ፣ ከአንድ አስተርጓሚና ከጥቂት ረዳቶች ጋር ወደ ሞንጎሎች ሣራማ ሜዳ ገባ፤ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ እስከ መንግኬ ሰፈርም ደረሰ። መነኵሴው ስለ ጀግንነቱ አይጽፍም፤ እንዲያውም መራቡንና መብረዱን፣ አስተርጓሚውም የማይረባ መሆኑን እያማረረ ይጽፋል። ነገር ግን ያ መነኵሴ የድንኳኑን አሠራር፣ ድንኳኑ በሠረገላ ላይ እንዴት እንደሚጫን፣ የባዝራ ወተት በአቁማዳ እየተናጠ እንዴት መጠጥ እንደሚሆን፣ ሴቶች የሚሠሩትን ለብቻ፣ ወንዶች የሚሠሩትን ለብቻ እየለየ ዘረዘረ። ሰባት መቶ ዓመት አልፎ መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ያ ሕዝብ እንዴት ይኖር እንደ ነበር ይረዳል። መነኵሴው የሞንጎሎችን ሃይማኖት አይወድም ነበር፤ ነገር ግን ኑሮአቸውን ማየት ሃይማኖታቸውን ከመውደድ ጋር እንደማይገናኝ ዐውቋል።

በዚህ ምሳሌ ስንመዝን ሁለቱ መጻሕፍት ጐደሎ ናቸው። የአፋር ሴት የዘንባባ ሰሌን ትሠራለች፤ በጐበጡ እንጨቶች ላይ ሰሌኑን አልብሳ ቤት ታቆማለች፤ መንጋው ሲነሣ ቤቱን አፍርሳ በግመል ትጭነዋለች፤ በአዲሱ ስፍራ እንደገና ትተክለዋለች። ይህ የቤት ሥራ ባይኖር መዘዋወር የሚባል ነገር ሁሉ አይኖርም ነበር። በኔዝቢትም ሆነ በቴሲጀር መጽሐፍ ውስጥ ግን ሴቶች በሩቅ ያልፋሉ እንጂ ገብተው አይታዩም። እንዲሁም የእኩዮች ማኅበር የሆነው ፊማ፣ የሽማግሌዎች ሕግ የሆነው መድዓ እንዴት እንደሚሠሩ አንባቢ ከእነዚህ መጻሕፍት አይማርም። ሕግ እንደሌለው የተገለጠ ሕዝብ ሕግ ያለው ሕዝብ ነበር፤ መንገደኛውም ያለፈው በዚያው ሕግ ነው።

ነገር ግን በቴሲጀር ማስታወሻ ውስጥ፣ ደራሲው ራሱ ተራ ነገር ብሎ ያለፈው የሚመስለን ሌላ ክፍል አለ። የዕለት ማስታወሻ ነውና፣ በስንት ሰዓት እንደ ተነሡ፣ ስንት ሰዓት እንደ ተጓዙ፣ የት እንደ ሰፈሩ፣ ውሃው ምን ያህል ራቅ ይል እንደ ነበር፣ ግመሎቹ የሚበሉት ያገኙ እንደ ሆነ ወይም እንዳላገኙ፣ ምን ዓይነት ወፍ እንደ ታየ ይጽፋል። ደረቅ ነው፤ ጌጥ የለውም። በ1987 በሽምግልናው ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ይህንኑ ጉዞ በተዋበ ቃል እንደገና ተርኮታል፤ አብዛኛው አንባቢም የሚወደው ያንን ነው። እኛ ግን ማስታወሻውን እንመርጣለን። ምክንያቱም የዕለቱ ጽሑፍ ሳያስበው ወደ ዳጉ ተጠግቷል፤ ውሃው እዚህ፣ ሣሩ እዚያ፣ የታመመው ግመል ይህ እያለ። ከዘጠና ዓመት በፊት በአዋሽ ዳርቻ የት ጫካ፣ የት ረግረግ፣ የት ግጦሽ እንደ ነበረ ለማወቅ የሚፈልግ የዛሬ ተመራማሪ የሚጠቅመው ይህ ደረቁ ገጽ ነው።

ሦስተኛው ደንብ ያዩትን ከሰሙት መለየት ነው። ስለ አፋሮች በእነዚህ መጻሕፍት ከሁሉ ይበልጥ የተጻፈው ሰው ስለ መግደልና የገደለ ሰው ስለሚያገኘው ክብር፣ ስለ ሰለባውና በጌጥ ስለሚታወቀው ምልክት ነው። ይህን ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። በአፋርና በኢሳ መካከል የነበረው ጠብ የታወቀ ነው፤ ከኔዝቢት አገልጋዮች የተገደሉትም በርግጥ ተገድለዋል። ቴሲጀርም ለሞቱ ሰዎች የተተከሉትን የመታሰቢያ ድንጋዮች በዐይኑ አይቶ ሥዕላቸውን ማስቀረቱ ዋጋ ያለው ሥራ ነው። ጥያቄው የመጠንና የምክንያት ነው። ስንት ጠብ በሽማግሌ ታረቀ? ስንት ደም በካሣ ተከፈለ? የጠቡ ሥር የት ነበር፤ በበጋ ለመንጋ የሚበቃው የወንዝ ዳር ሣር ለማን ይሁን በሚል አልነበረምን? ሞት ይታያል፤ ዕርቅ ግን በመካከላቸው ተቀምጦ ቋንቋውን ለሚሰማ ብቻ ይታያል። ቸኩሎ የሚያልፍ መንገደኛ የሚቈጥረው የሚታየውን ነው። ስለዚህ ገዳዩ በመጽሐፉ ገዝፎ ይታያል፤ አስታራቂው ግን ይጠፋል።

አንድ ሰው «ይህ ሁሉ የመጻሕፍት ነገር ነው፤ ምን ጉዳት አለው?» ይል ይሆናል። ጉዳቱ ትልቅ ነው። አንድ አገር ገሃነም፣ በረሓ፣ ሰው አልባ እየተባለ ሲጻፍ ከኖረ፣ የአገሩን መሬት ሌላ ሰው ሲወስደው የተነጠቀ ሰው ያለ አይመስልም። የአዋሽ ዳር መሬት በክረምት ላየው ባዶ ሊመስል ይችላል፤ መንጋው በዝናቡ ወራት ወደ ሌላ ግጦሽ ሄዷልና። በበጋ ግን ያው መሬት የመንጋው ሁሉ መጠጊያ ነው። በ1960 የቆቃ ግድብ ተፈጸመ፤ በ1961 የተንዳሆ የጥጥ እርሻ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተመሠረተ። ጥጡ ለአገሪቱ ጥቅም አልሰጠም አንልም፤ ከአፋሮችም መካከል ከጥጡ የተጠቀሙ ባለመሬቶች ነበሩ። ነገር ግን የበጋው ግጦሽ እየታጠረ ሄደ፤ ከ1972 እስከ 1973 ድርቁ ሲመጣ ከብቱ የሚሸሽበት የወንዝ ዳር ቀድሞ ተይዞ ነበር። ብዙ ከብት፣ ብዙም ሰው አለቀ። ይህን ያደረጉት ቴሲጀርና ኔዝቢት ናቸው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን አንድ መንገደኛ «ሣሩ በዚህ ወር ለእነ እገሌ ነው» ብሎ ሳይጽፍ ሲቀር፣ ዕቅድ የሚያወጣው ሰው ካርታው ላይ የሚያየው ነጭ ቦታ ብቻ ነው።

ደግሞም ነቀፋው ለውጭ አገር ሰዎች ብቻ አይደለም። በአማርኛችን «ዘላን» የሚለው ቃል ስድብ ሆኗል። መኖሪያ የሌለውን፣ ሥርዓት የማያውቀውን ሰው ዘላን እንለዋለን። በጎንደር ምድር ግን ይኸው ቃል ከብት እያረባ በሣር ፍለጋ ይዘዋወር የነበረ ወገን መጠሪያ ሆኖ ኖሯል። በደጋው መካከል የነበረውን ከብት አርቢ እንዲህ ካልን፣ ሩቁን አፋር ምን እንደምንለው ለመገመት አያዳግትም። የይፋግ ገበሬ በሚያርስበት ማሳ መንደሩን ያውቃል፤ ቤቱም በድንጋይና በጭቃ የቆመ ነው። አፋሩ ደግሞ ማሳው ዝናብ የጣለበት ስፍራ ሁሉ ነው፤ ቤቱም ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ሁለቱም መሬታቸውን ያውቃሉ፤ አንዱ በመቀመጥ፣ ሌላው በመሄድ። የሚሄደውን አገር የለሽ ማለት የራስን ልማድ የሁሉ ሕግ ማድረግ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ትችት ለተማሪ ተመራማሪዎች የሚወጣው ተግባር ምንድን ነው? ወደ አርብቶ አደሮች አገር ለጥናት የሚሄዱ ተማሪዎች ጥቂት ሆነው ቢሄዱ ይሻላል፤ ሦስት ወይም አራት። ቍጥራቸው ባነሰ መጠን ባለአገሩን ይሰማሉ፤ ውሃውንም አይጨርሱበትም። ከመሄዳቸው በፊት ቢያንስ የሰላምታውን፣ የውሃውን፣ የከብቱንና የዝምድናውን ቃል በአፋርኛ ይማሩ። ሴቶች ተማሪዎች ከመካከላቸው ይኑሩ፤ ቤት የምታቆመውን ሴት ሥራ ከሩቅ ለሚያልፍ ወንድ እርሷ አትነግረውምና። በስፍራው ሲደርሱ በመጀመሪያ እነርሱ ይጠየቁ፤ ከየት እንደ መጡ፣ በመንገድ ምን እንዳዩ፣ በአገራቸው ዝናቡ እንዴት እንደ ሆነ ይናገሩ፤ ከዚያ በኋላ ይጠይቁ። የጻፉትንም ከማሳተማቸው በፊት መልሰው ለነገራቸው ሰው ያንብቡለት።

ያለ ባለአገሩ ምክር መሄድ ደግሞ ዛሬም አደጋ አለው። በጥር 2012 በኤርታ አሌ እሳተ ገሞራ አጠገብ የሰፈሩ የውጭ አገር ጐብኚዎች በሌሊት በታጠቁ ሰዎች ተጠቅተው አምስቱ ተገድለዋል። እንዲህ ያለው ነገር ሲሰማ አሮጌው «የገዳዮች ምድር» የሚለው ወሬ ወዲያው ይነሣል፤ በዚያ ድንበር አካባቢ የሚኖሩት አፋሮች ራሳቸው በሁለት መንግሥታት ጠብ መካከል የተጨነቁ መሆናቸው ግን ይረሳል። ጥሩ የጉዞ ጽሑፍ ቢኖረን ኖሮ አንባቢ ይህን ለይቶ ለማየት ይችል ነበር።

የሁለቱን መጻሕፍት ፍርድ በአጭሩ እንስጥ። የኔዝቢት መጽሐፍ ለምድሩ ቅርጽና ለሙቀቱ ልክ ይነበብ፤ ስለ ሕዝቡ የሚለው ግን በጥንቃቄ ይወሰድ። የቴሲጀር ማስታወሻ በሁለት ዐይን ይነበብ። ስለ ገዳዮች በሚናገርበት ስፍራ አንባቢ «ይህን ማን ነገረው? በማን ቋንቋ?» እያለ ይጠይቅ፤ ስለ ሰፈር፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ግመልና ስለ መሪዎቹ በሚናገርበት ስፍራ ግን እርሳሱን አንሥቶ ይመዝግብ፤ እውነተኛው መጽሐፍ ያ ነውና። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን ገና ያልተጻፈው ሦስተኛው መጽሐፍ ነው፤ ይኸውም አፋሩ ራሱ ስለ እነዚያ መንገደኞች ለጐረቤቱ የነገረው ዳጉ። በ1928 ሦስት ነጮች፣ በ1934 አንድ ረዥም ወጣት በመሬታቸው ሲያልፉ ወሬው ከእነርሱ ቀድሞ ከጕድጓድ ወደ ጕድጓድ ሄዷል። ያ ወሬ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ተላልፎ ምን ያህሉ እንደ ቀረ የሚጠይቅ ተማሪ ከመካከላችን ቢነሣ፣ በለንደን ከታተሙት ሁለቱ ጋር የሚተካከል ሥራ ይሠራል።

ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል ይባላል። የጉዞ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። የሚጣፍጠው ስለ ሰዎች እውነት ሲነግረን ነው፤ የደራሲውን ጀግንነት ብቻ ከያዘ ግን ከሩቅ ተጭኖ የመጣ ድንጋይ ነው። በይፋግ ገበያ አሞሌን ሲመዝኑና ሲያንኳኩ የኖሩት አባቶቻችን የተሰበረውን ከሙሉው፣ የተቀባውን ከጥሩው ይለዩ ነበር፤ እኛም መጻሕፍትን ስንቀበል በዚያው ጥንቃቄ እንቀበል።